ግቢው የስንት ቤት ነው?

የአርክቴክቸር ተማሪ «ከከተማ ዳር፣ አቅምን ያገናዘበ፣ ነዋሪው ተጋርቶ የሚኖርበት መንደር ንደፍ» ሲባል መጀመሪያ የሚስለው ዛፍ ነው። ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡ አዛውንት፣ አጠገባቸው ፊኛ የያዘች ልጅ። ቤቶቹ ከኋላ ይመጣሉ፤ ያውም ነጭ ሆነው፣ አንድም የልብስ ማስጫ ገመድ ሳይታይባቸው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማሾፍ ነው። ግን ሥዕሉ የሚያጋልጠው ነገር አለ፤ ተማሪው አብሮ መኖርን የያዘው እንደ ደስ የሚል ትዕይንት አድርጎ ነው። አብሮ መኖር ግን ሒሳብ አለው። ያ ሒሳብ ሲገባችሁ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ከዛፉ ይበልጥ ያምራል።

ሙዚየም የሚነድፍን ተማሪ ስለ ብር አጥብቆ የሚጠይቀው የለም። ቪላ የሚነድፍ ተማሪ አንድ ደንበኛ ብቻ ያስባል። የርካሽ መንደር ነዳፊ ግን ሁለት ጥያቄ ተደቅኖበታል፤ ሁለቱም ሥዕሉ ላይ አይታዩም። አንደኛው «ስንት ይፈጃል?» ነው። ሁለተኛውን አንዲት የሰፈር ባልቴት ዳኛ ሆነው ቢቀመጡ ኖሮ ገና ወረቀቱ ሲለጠፍ ይጠይቁት ነበር፤ «ይህን ግቢ ማን ይጠርገዋል?»

ከብሩ እንጀምር። በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ከዋናው ግቢ ርቀው ገጠር ውስጥ እየኖሩ የሚማሩበት ሩራል ስቱዲዮ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሙኤል ሞክቢ እና ዲ.ኬ. ሩት የመሠረቱት ነው። ተማሪዎቹ የነደፉትን ራሳቸው መሠረት ቆፍረው፣ ራሳቸው ምስማር መትተው ያቆሙታል። በ2005 አንድ ፕሮጀክት ጀመሩ፤ ስሙ ዋጋው ነው፦ «የ20 ሺህ ዶላር ቤት»። ቁጥሩ የመጣው በመንግሥት የጡረታ አበል ብቻ የሚኖር ሰው በየወሩ ሳይቸገር ሊከፍለው ከሚችለው የቤት ዕዳ ነው። ከዚያ ወርኃዊ ክፍያ ወደ ኋላ ተሰልቶ የቤቱ ዋጋ ወጣ፤ ከዋጋው የዕቃውና የጉልበቱ ድርሻ ተከፈለ፤ እርሳስ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያስቀው ነገር ቤቱ ሲሳካ ችግር መፍጠሩ ነው፤ ባንኮችን እንዲህ ያለ ትንሽ የቤት ብድር መስጠት አያዋጣቸውም ነበር። ርካሽነቱ ራሱ እንቅፋት ሆነ።

ያ ገጠር ነው፣ ቤቶቹም ለየብቻ የቆሙ ናቸው። አካሄዱ ግን የትም ይሠራል። ተማሪው ወደ ከተማ ዳር ሲመጣ ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ያገኛል፤ መጋራት ራሱ ብር ይቆጥባል። ቃሌን ብቻ እንዳታምኑ ወረቀትና እርሳስ አምጡና አብረን እንቁጠር።

6 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ አንድ ቤት ዙሪያው 24 ሜትር ግድግዳ አለው። አሥር ቤት ለየብቻ ብናቆም 240 ሜትር ግድግዳ እንገነባለን። አሥሩን ጎን ለጎን አጣብቀን በአንድ ረድፍ ብንሠራቸውስ? ፊት ለፊት 60 ሜትር፣ ከኋላ 60 ሜትር፣ በመካከልና በጫፍ 11 ግድግዳ እያንዳንዱ 6 ሜትር፣ ማለት 66። ድምሩ 186 ነው። አንድም ክፍል ሳይጠብ 54 ሜትር ግድግዳ ከነመሠረቱ፣ ከነልስኑ፣ ከነቀለሙ ቀረልን፤ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። ለየብቻ የቆመ ቤት ከግራና ከቀኝ 2 ሜትር ክፍት ቦታ ቢተውለት መንገድ ላይ 10 ሜትር ይይዛል። አሥር ቤት 100 ሜትር መንገድ ይፈልጋል፤ የተጣበቁት ግን 60 ሜትር ይበቃቸዋል። የ40 ሜትር ልዩነት ማለት የ40 ሜትር ኮብልስቶን፣ የ40 ሜትር የውሃ ቧንቧ፣ የ40 ሜትር የጎርፍ ቦይ ነው። የከተማ ዳር መሬት ርካሽ ነው የሚባለው ይህን ሳይቆጥሩ ነው። ኮዬ ፈጬን፣ ቦሌ አራብሳን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን አስቡ። መሬቱ ከመሐል ከተማ በብዙ ይረክሳል፤ ግን ውሃው፣ መብራቱና አስፋልቱ ከሩቅ ተስቦ መምጣት አለበት፣ ነዋሪውም በየማለዳው የታክሲ ሰልፍ ይከፍላል። ስለዚህ ዳር ላይ ቤት አራርቆ መበተን የሀብታም ጨዋታ ነው። በየስቱዲዮው አረንጓዴ ሜዳ ላይ እንደ ዘር የተበተኑ ውብ ቤቶች ሳይ መጀመሪያ የማየው ቧንቧውን ነው።

እንግዲህ ቤቶቹን አጣበቅናቸው። ዋጋው ግን አሁንም ከአቅም በላይ ነው። እዚህ ላይ ነው የቺሊው ታሪክ የሚመጣው፤ የአርክቴክቸር ተማሪዎች በቃላቸው የሚያውቁት፣ ሌላው ሰው ግን እምብዛም ያልሰማው።

በሰሜን ቺሊ ኢኪኬ በምትባል የበረሃ ከተማ መሐል ወደ 100 የሚጠጉ ቤተሰቦች ግማሽ ሄክታር ቦታ ላይ ሕጋዊ ሳይሆኑ 30 ዓመት ኖረዋል። መንግሥት ለአንድ ቤተሰብ የመደበው ድጎማ 7,500 ዶላር ነበር፤ በዚህ ብር መሬቱም፣ መሠረተ ልማቱም፣ ቤቱም መሸፈን አለበት። የተለመደው መፍትሔ ወደ ከተማ ዳር ወስዶ ርካሽ መሬት ላይ ማስፈር ነው። አሌሃንድሮ አራቬና ያኔ ሀርቫርድ ያስተምር ነበር፤ ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ኤሌሜንታል የተባለ ቡድን ነገሩን ገለበጠው። በዚህ ብር የሚሠራው 40 ካሬ እንኳ የማይሞላ ቤት ከሆነ፣ ለምን እንደ ትንሽ ቤት እናየዋለን? የጥሩ ቤት ግማሽ ብለን ለምን አናየውም?

በ2004 የተጠናቀቀው ኪንታ ሞንሮይ በዚህ አስተሳሰብ ተሠራ። በቤቱና በቤቱ መካከል ሆን ተብሎ ክፍት ቦታ ተተወ፤ ቤተሰቡ ብር ሲያገኝ ያንን ክፍት ይሞላና 36 ካሬው ወደ 70 ገደማ ይደርሳል። ረቀቅ ያለው ነገር የትኛው ግማሽ እንደተሠራ ነው። ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያው፣ ደረጃው፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው ግድግዳና መዋቅሩ በመንግሥት ብር ተሠሩ፤ እነዚህ አንድ ሰው ቅዳሜና እሑድ በራሱ ጉልበት በደንብ ሊሠራቸው የማይችላቸው ናቸው። መኝታ ቤት ግን ማንም ይጨምራል። አራቬና በ2016 የአርክቴክቶች ትልቁ ሽልማት የሚባለው ፕሪትዝከር ተሰጠው።

ይህን ስነግር ሁልጊዜ አንድ ሰው «እኛስ አገር የሚሆን ነው?» ይለኛል። እኛ አገር ድሮም የነበረ ነው! ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ምን ይሠራል? ሰርቪሱን። ሰርቪሱ ውስጥ እየኖረ፣ አንዷን ክፍል እያከራየ፣ ብሎኬት በብሎኬት እየገዛ ከዓመታት በኋላ ዋናውን ቤት ያቆማል። ዋናው ቤት መሠረቱ ብቻ ወጥቶ ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ የሚያረጅበት ግቢ ስንቱን አይተናል። አራቬና የጨመረው ብልሃት ቅደም ተከተሉ ነው፤ የሰርቪሱ ግድግዳ የነገው ዋና ቤት ግድግዳ እንዲሆን አድርጎ ነደፈው። የእኛ ሰው ሁለት ቤት ይሠራል፣ የእሱ ነዋሪ ግን አንዱን ቤት በሁለት ጊዜ።

የእኛም ተማሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ተማሪዎቹ ኢያብሲ የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የኢያብሲና የዙሪኩ ኢ.ቲ.ኤች. ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሱዱ የሚባል ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ከአፈር ሠሩ። ታችኛው ግድግዳ ተጠቅጥቆ የደረቀ አፈር ነው። ወለሉና ጣሪያው ደግሞ ከስስ የአፈር ሸክላ የተሠራ ቀስት ነው፤ ሸክላዎቹ በጠፍጣፋቸው እየተያያዙ፣ ቶሎ በሚይዝ ማጣበቂያ፣ እንጨት ድጋፍ እምብዛም ሳያስፈልጋቸው ይደረደራሉ። ቀስት ሸክሙን እየተጫነ ወደ ጎንና ወደ ታች ያወርደዋል፤ መጫን ደግሞ አፈር የሚችለው ነገር ነው። አፈር የማይችለው መሳብን ነው፤ ፌሮ የሚያስፈልገው ለዚያ ነበር። ቅርጹ መሳብን ካስቀረ ፌሮው ይቀራል። ከውጭ በውድ ምንዛሪ የሚገባውን ብረት በጂኦሜትሪ መተካት ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ሳስብ አሁንም ልቤ ይሞቃል። ከዚያ ወዲህም ትምህርት ቤቱ ከጀርመኑ የቫይማር ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከገለባ ፓነል የተሠራ ቤት ሞክሯል።

ይሁንና አንድ ቅሬታ አለኝ። እነዚህ ሙከራዎች ሁሉ ስለ ቤቱ ናቸው፤ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣሪያው። ባልቴቷ የጠየቁት ግን ስለ ግቢው ነው።

የጋራ ቦታ የሚሞተው መቼ ነው? መልሱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2004 ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከ2005 ወዲህ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲነደፍ ነዳፊዎቹ ኑሯችንን አልዘነጉም ነበር። አራት ፎቅ ላይ በግ አይታረድም፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሃያ እንጀራ አይጋገርም ብለው ለተወሰኑ ብሎኮች በጋራ የሚያገለግል ቤት ሠሩ፤ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለውን። ማረጃ፣ ማጠቢያ፣ መጋገሪያ፣ መሰብሰቢያ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ዛሬ በየሳይቱ ብትዞሩ ግን ብዙው ኮሚናል ወይ ቁልፍ ተሰቅሎበታል፣ ወይ ተከራይቶ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኗል። በጉ የሚታረደው ደረጃው ሥር ነው።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ባለቤት ከቤቱ ሌላ በጋራ መገልገያው ላይ ድርሻ እንዳለው፣ ማኅበር እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ችግሩ ቁጥሩ ነው ባይ ነኝ። አንድ ብሎክ 30 ቤት አለው እንበል፤ ኮሚናሉን አራት ብሎክ ይጋራዋል እንበል። 120 ቤተሰብ ሆነ። 120 ቤተሰብ በሚጋራው ቤት ወለሉ ላይ ደም ጥሎ የሄደውን ማንም አያውቀውም። ሰው ፊቱን የማያውቀውን ሰው አያፍረውም፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅም ሦስት ሰው መጠየቅ አለበት። ስለዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ ከጭቅጭቁ ኪራዩን ይመርጣል። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ዴንማርክ ውስጥ ይህን ቁጥር በእርሳስ የፈቱት ሰዎች አሉ። በ1971 የዴንማርክ የሕንፃ ምርምር ተቋም ዝቅ ብሎ ግን ተጠጋግቶ የሚሠራ መኖሪያ መንደር ንድፍ አወዳደረ። ያሸነፈው ቫንድኩንስተን የሚባል፣ ከተመሠረተ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው የወጣት አርክቴክቶች ቡድን ነበር። ከኮፐንሃገን በስተደቡብ፣ ሄርፎልገ አጠገብ፣ ቲንጎርደን የተባለው መንደር በ1978 ተጠናቀቀ። የኪራይ ቤት ነው፤ አቅምን ያገናዘበ። ወደ 80 የሚጠጉ ቤቶች በስድስት ቡድን ተከፍለው ተሠሩ፤ በአንድ ቡድን ከ12 እስከ 15 ቤት፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የጋራ ቤት። የጋራ ቤቱ ብር ከየት መጣ? እያንዳንዱ መኖሪያ ስፋቱ በ10 በመቶ ገደማ ተቀነሰና የተቀነሰው ተጠራቅሞ የጋራ ቤት ሆነ።

ይህን ወደ እኛ ካሬ እናምጣው። የኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ከ30 እስከ 45 ካሬ ነው። 40 ካሬ እንያዝ። ከእያንዳንዱ 4 ካሬ ብንወስድ አንድ ቤተሰብ 2 ሜትር በ2 ሜትር አጣ። 15 ቤተሰብ ግን 60 ካሬ አገኘ፤ ማኅበር የሚጠጣበት፣ ልጆች የሚያጠኑበት፣ እንግዳ የሚያድርበት። ልብ በሉ፣ ከመንግሥት አንድ ሳንቲም አልተጠየቀም። ደግሞም 15 ቤተሰብ ሲሆን ማን እንዳልጠረገ ይታወቃል፤ ተራው የማን እንደሆነም ሳይጻፍ ይታወቃል። ኪንታ ሞንሮይም ቢሆን ቤተሰቦቹ በአንድ ትልቅ ሜዳ ዙሪያ አልሰፈሩም፤ በአራት ግቢ ነው የተከፈሉት፣ በአንዱ ግቢ 20 ምናምን ቤት። ሁለት የተለያየ አገር፣ ሁለት የተለያየ ድህነት፣ ተቀራራቢ ቁጥር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ተማሪዎች ይህን 10 በመቶ ሲሰሙ እንደ ዶግማ ይይዙታል። 20 ካሬ የማይሞላ ስቱዲዮ ላይ 2 ካሬ መቀነስ የአልጋ ቦታ መውሰድ ነው። ከጠባብ ቤት ለጋራ መቁረጥ የሚቻለው የተቆረጠው ነገር ከቤቱ ውስጥ የሚወጣ ሥራ ይዞ ሲወጣ ብቻ ነው። የልብስ ማጠቢያው ከቤት ከወጣ፣ አዎ። የእንግዳ አልጋው ከወጣ፣ አዎ። ለ«መዝናኛ» ከሆነ ግን ባልቴቷ አይሰሟችሁም።

አሁን እዚያው ቁጥር ላይ ቆመን አንድ ግቢ እንሥራ። 16 ቤት፣ እያንዳንዱ ፊቱ 4 ሜትር የሆነ ባለ አንድ ፎቅ። ስምንት በአንድ ረድፍ፣ ስምንት ፊት ለፊቱ። ርዝመቱ 32 ሜትር ነው። በሁለቱ ረድፍ መካከል 9 ሜትር ብንተው 288 ካሬ ግቢ አገኘን፤ ለአንድ ቤት 18 ካሬ። ያንኑ መሬት ብናከፋፍለውስ? ለእያንዳንዱ 4 ሜትር በ4 ሜትር ተኩል የሆነ፣ በአጥር የታጠረ ጓሮ ይደርሰዋል። በዚያ ጓሮ ወይ ልብስ ይሰጣል፣ ወይ በግ ይታሰራል፣ ሁለቱ አብረው አይሆኑም። 9 በ32 በሆነው ግቢ ግን የለቅሶ ድንኳን ይተከላል፤ የሰርግም ዳስ። በርበሬ ይሰጣል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ መስኮትም ይሰብራሉ። 16 ትንንሽ አጥርም ሳንሠራ ቀረን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት 9 ሜትር ግቢን ጨለማ አያደርገውም። ዴንማርኮች ይህ ዕድል የላቸውም፤ የእነሱ ፀሐይ በብርዱ ወራት ከጣሪያ በታች ትሄዳለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር የወጥ ቤቱ ነው። በየዓመቱ አንድ ተማሪ «የጋራ ወጥ ቤት» ይነድፋል፣ በየዓመቱም ይፈነከታል፤ እኔም ከፈንካቾቹ ወገን ነኝ። ድስት ገበና ነው። ዛሬ ሽሮ፣ ነገም ሽሮ መሆኑን ጎረቤት እንዲያይ የሚፈልግ የለም። ምጣድ ግን ሌላ ነገር ነው። እንጀራ የሁሉም ቤት አንድ ነው፣ ጭሱ ወይም እንፋሎቱ ጠባብ ቤት ውስጥ አይፈለግም፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱም ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል። 16 ቤት እሑድ ጠዋት በየቤቱ ምጣድ ቢሰካ ቆጣሪው ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ወጡ ከቤት፣ እንጀራው ከግቢ! 16 ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋግር 32 ዙር ነው፤ በቀን አምስት አይሞላም። ሁለት ምጣድ ይበቃል፣ ሦስት ከሆነ ቅንጦት ነው። ጠንከር ያለ የመብራት መስመር ለአንዲት ክፍል ብቻ ይዘረጋል፣ 16 ቤት ደግሞ በቀላል መስመር ይኖራል። የተማሪ ንድፍ ውስጥ ይህን ስሌት ያየሁ ዕለት ዛፉን ሁሉ ይቅር እላለሁ።

ሌሎች ነገሮችን ቶሎ ልለፋቸው። ዳር ላይ ብዙ ጊዜ የፍሳሽ መስመር የለም፤ ስለዚህ 16 ቤት አንድ ሴፕቲክ ታንከር ይጋራል፣ እሱም መምጠጫ መኪናው ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ ከበሩ አጠገብ መሆን አለበት። መሐል ግቢ ላይ አድርጎ በላዩ ዛፍ የተከለ ተማሪ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ሴክሽን በሚባለው የጎን ቁራጭ ሥዕል ላይ መታየት አለበት። ፎቅ ላይ ያለው የወጥ ቤት መስኮት ወደ ግቢው ይመልከት፤ እናት ሽንኩርት እየከተፈች ልጇን ካየች ለዘበኛ የሚከፈል ብር ይቀንሳል። አረጋውያን ደግሞ ምድር ቤት። ደረጃ የማይወጡ እናትን በዕጣ አራተኛ ፎቅ መመደብ ምን እንደሚያስከትል አይተናል።

ከሁሉም የሚከብደው መጨረሻ ላይ የሚመጣው የወር ወጪ ነው። የግቢው መብራት፣ የመጋገሪያው ቆጣሪ፣ የሴፕቲኩ ማስመጠጫ፣ የመጥረጊያው፣ የተሰበረው ቧንቧ። 16 ቤተሰብ በየወሩ ብር ያዋጣ ማለት ይቻላል፤ ዕድርም በመዋጮ ነው የቆመው። ነገር ግን ከ16 ሦስቱ ተከራይ ናቸው፣ አንዱ አረብ አገር ነው፣ አንዷ ሥራ አጥታለች። መዋጮው በሁለተኛው ዓመት መንጠባጠብ ይጀምራል።

መዋጮ ካልበቃ ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ምድር ቤት ያሉት የንግድ ቤቶች በጨረታ ተሸጡ፤ ብሩ ለፕሮግራሙ ገባ፣ የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ ለመደጎም። ለመጀመሪያው ግንባታ ይህ አስተዋይ ውሳኔ ነበር። ለግቢው ግን ቋሚ ገቢ አላስቀረለትም፤ ስለዚህ ኮሚቴው ያለውን አንድ ነገር፣ ኮሚናሉን፣ አከራየ። ተማሪ ብሆን ኖሮ ከ16ቱ ቤት ጫፍ፣ መንገዱን በሚያየው ማዕዘን ላይ፣ አንዲት 12 ካሬ ሱቅ እሥል ነበር፤ በሯ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ወደ ግቢው ምንም በር የሌላት፣ የራሷ ቆጣሪ ያላት። አትሸጥም፣ ለማንም ዕጣ አትወጣም፤ ካርታዋ በግቢው ማኅበር ስም ነው። አትክልት ቢሸጥባትም ፀጉር ቢቆረጥባትም ግድ የለኝም። ኪራይዋ ለመጋገሪያው መብራትና ለጠራጊዋ ደመወዝ ይሄዳል፣ ከተረፈም ለሮቶው ክዳን።